ማትሪክን አልፌ ኤረር ላይ የተፈተንኩት

በጅጅጋ ከተማ ስለ ስኳር ከኔ በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ጉራ ነው የሚል ይበል። ነጋዴዎቻችን ስኳርን በኩንታል ያውቁታል፣ እኔ በደሜ ነው የማውቀው። በአሥራ ሦስት ዓመቴ ያዘኝ፣ እስከ ዛሬም አብረን አለን፤ ከስንቱ ባልና ሚስት የተሻለ ተቻችለን ነው የምንኖረው።

መጀመሪያ ያሳበቀብኝ ውሃ ነው። ያን ጊዜ ጅጅጋ ውሃ በአህያ ጋሪ እየመጣ በጀሪካን የሚገዛባት ከተማ ነበረች፤ እኔ ደግሞ አንዱን ጀሪካን ብቻዬን ጨርሼ ሁለተኛውን እጀምራለሁ። እናቴ ውሃውን ለጎረቤት ፍየሎች የማጠጣ መስሏት ተደብቃ ጠብቃኛለች። ፍየሎቹ ነጻ ወጡ። ቀጥሎ መክሳት መጣ፣ ሱሪዬ በገመድ ካልታሰረ ወገቤ ላይ አልቆም አለ። በመጨረሻ ድሬሰሩ፣ ማለት ጤና ጣቢያ መርፌ የሚወጋውና ቁስል የሚያጥበው ሰውዬ፣ አፌን አሽትቶ «ይሄ ልጅ ዛሬውኑ ሐረር ይግባ» አለ። ሐረር ሆስፒታል ተኝቼ ስወጣ አንድ የመስታወት ሲሪንጅ፣ ሁለት ብልቃጥ ኢንሱሊንና የዕድሜ ልክ ቀጠሮ ተሰጥቶኝ ነው።

ከዚያ በፊት ደግሞ ጦርነቱ ከትምህርት አባሮኛል። የሶማሊያ ጦር ጅጅጋን ሲይዝ እናቴ እኔን ይዛ ወደ ሐረር ሸሸች፤ አባቴ ወታደር ነበርና ከዚያ ጦርነት አልተመለሰም። በላዩ ላይ ሆስፒታሉ ሲጨመር እኩዮቼ ጥለውኝ ሄዱ። ክፍል ብመለስ፣ ወንበር ላይ ሲቀመጡ እግራቸው መሬት ከማይነካ ልጆች ጋር ልማር ነው። እኔ ደግሞ ኩሩ ሰው ነኝ። ቤቴ ቁጭ ብዬ ራሴን ላስተምር ወሰንኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ካገኘኋቸው አስተማሪዎች ሁሉ እኔ እሻል ነበር፤ ተማሪውም ጎበዝ ነበር። እንግሊዝኛን የጀመርኩት ኢንሱሊኑ ካርቶን ውስጥ ከምትገኘው ከታጠፈችው ወረቀት ነው። መዝገበ ቃላት ተውሼ ቃል በቃል ወደ አማርኛ መለስኳት፣ ሁለት ወር ፈጀብኝ። ሌላው ልጅ በእንግሊዝኛ «ይህች ድመት ናት» ሲል እኔ «ከፀሐይ ይጠበቅ» እል ነበር።

ኬሚስትሪን ማንም አላስተማረኝም፣ በየቀኑ ጠዋት ስለምሠራው ነው የቻልኩት። ከሆስፒታል የሰጡኝ ሰማያዊ ፈሳሽ አለ። እሱን በቀጭን የመስታወት ቱቦ አድርጌ፣ ጥቂት ጠብታ ሽንት ጨምሬ በስፒሪት ኩራዝ አፈላዋለሁ። ሰማያዊ እንደሆነ ከቀረ ሽንቴ ውስጥ ስኳር የለም፣ ደግ ቀን ነው። አረንጓዴ ከሆነ አያስፈራም። ወደ ቢጫ፣ ወደ ብርቱካን እያለ ሲሄድ ስኳሩ እየበዛ ነው። ሸክላ የመሰለ ቀይ ሆኖ ከደፈረሰ ግን መድኃኒቱ ሥራውን አልሠራም ማለት ነው፤ ያ ቀን ጀሪካኑን ያስታውሰኛል።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ በሰባዎቹ አጋማሽ በግል ተፈታኝነት ማትሪክ ተቀመጥኩ። ውጤቱ ሲመጣ ሦስት ነጥብ ሁለት። መደበኛ ተማሪዎቹ በደብተራቸው ፊታቸውን ሸፍነው ሲሄዱ፣ እኔ ክፍል የማላውቀው ሰውዬ በዋናው መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ተመላለስኩ፣ ያላየኝ ሰው እንዳይኖር።

እናቴ የጅጅጋ ስልክ ቤት ኦፕሬተር ነበረች። ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ ደፍታ፣ ገመዱን ከዚህ ነቅላ እዚያ እየሰካች ከተማውን ከዓለም የምታገናኝ እሷ ናት። ወረቀቱን ይዤላት ስሄድ አነበበችው፣ ግንባሬን ሳመችኝ፣ ከዚያ አንዱን ደንበኛ ከድሬዳዋ ጋር አገናኝታ ወደኔ ዞረች።

«ደስ ብሎኛል፤ ኮሌጅ ግን አትሄድም» አለችኝ። «እዚሁ እኔ አጠገብ ያለው ወንበር ክፍት ነው። ለኃላፊው ነግሬዋለሁ።»

ወንበሩን አየሁት። ቆንጆ ወንበር ነው፣ ስፖንጅም አለው። እኔ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ ብቻዬን ያጠናሁት እናቴ አጠገብ ተቀምጬ «አሎ፣ ቀብሪበያ» ለማለት አልነበረም።

አራት ቀን ተከራከርን። እንደኔ ያለውን ተፈታኝ መንግሥት ወዴት እንደሚመድበው አይታወቅም፣ ፎርሙ ላይ ምርጫህን ትሞላለህ፣ ምርጫህን ያነበበው ሰው የፈለገበት ይወረውርሃል። እናቴ የፈራችው ሙቀት ነው። ኢንሱሊን ሙቀት አይወድም፣ የኮሌጅ ዶርም ደግሞ ለተማሪ ፍሪጅ አይሰጥም። እኛም ቤት ፍሪጅ አልነበረንም፤ መብራቱም የሚመጣው ማታ ማታ ነው። መድኃኒቴ የሚቀመጠው እኔ በፈለሰፍኩት ነገር ውስጥ ነው። ሐሳቡን ያገኘሁት ከከባድ መኪና ሾፌሮች ነው፤ ጀሪካናቸውን በጆንያ ጠቅልለው፣ ጆንያውን አርሰው መኪናው ጎን ላይ ያንጠለጥሉታል፣ ነፋስ ሲመታው ውሃው ቀዝቃዛ ይሆናል። እኔ አሻሻልኩት። ትልቅ ማሰሮ ውስጥ ትንሽ ማሰሮ፣ መሐላቸው እርጥብ አሸዋ፣ ላዩ ላይ እርጥብ ጆንያ። የፈጠራ መዝገብ ቢኖር ኖሮ ስሜ እዚያ ላይ ነበር።

«ማሰሮህ ጅጅጋ ላይ ይሠራል» አለች እናቴ። «ጅጅጋ ነፋስ ነው። በረሃ ቢመድቡህስ? ብትወድቅስ? እዚህ ብትወድቅ ማን እንደሚያነሳህ አውቃለሁ።»

ይሄኛው እውነት ነው። ጅጅጋ ላይ ስኳሬ ድንገት ወርዶ መቀባጠርና ማላብ ስጀምር የሚደነግጥ ሰው የለም። ጫት ሻጮቹ ሴቶች ኪሳቸው ውስጥ ለኔ ከረሜላ ይይዛሉ። «ዋርያ፣ አንተ ልጅ፣ አፍህን ክፈት» ብለው ያጎርሱኛል። ችግሩ፣ ደህና ሆኜ ዝም ብዬ ስቀልድም ወርዶበት ነው ብለው ያጎርሱኛል። በቀልዴ ምክንያት ስኳሬ የሚጨምር ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። የብሔራዊ ውትድርና መልማዮች እንኳ ያውቁኛል፤ ሲሪንጄን አይተው፣ ይሄኛው የራሱ ጦርነት አለው ብለው አልፈውኛል።

በአራተኛው ቀን መላ መጣልኝ። ኮሌጁ ከመምጣቱ በፊት ለምን አንለማመድም አልኳት። ለሁለት ሳምንት ከቤት ርቄ፣ አንቺ ሳታዪኝ፣ መርፌዬን ራሴ ወግቼ፣ በሰዓቱ በልቼ ልኑር። ከቻልኩ ልሂድ፣ ካልቻልኩ ወንበሩ ይጠብቀኝ። የት ነው የምትለማመደው አለችኝ። ቀብሪበያ አልኳት፣ ቅርብም ነው፣ አየሩም ያው የኛው ነው።

«ቀብሪበያማ ቁርስህን ይዤ እመጣለሁ፣ ያ ኮሌጅ አይባልም» አለች። «ኤረር ሂድ፣ አጎትህ ጋ።»

አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ ኤረር ባቡር ጣቢያ ሐዲድ የሚቀይር ሠራተኛ ነበር። ኤረር ከድሬዳዋ ወዲያ፣ ቆላ ናት። ዶሮዎቹ እንኳ እኩለ ቀን ላይ አፋቸውን ከፍተው ነው የሚቆሙት። ኤረርን የቻለ መድኃኒት የትም ይኖራል ብላ ነው። ቀጥላ ሕጉን ነገረችኝ። በየቀኑ ጠዋት ቀለሙን ትነግረኛለህ። ሁለት ቀን በተከታታይ ሸክላ ካልክ በሦስተኛው ቀን ባቡር ላይ ነህ፣ ኮሌጅ የሚባለውንም ቃል ሁለተኛ አታነሳብኝም። እጅ ተመታታን።

በየቀኑ ስልክ መደወል ያን ጊዜ ለባለሥልጣንም አይቻልም። ኦፕሬተሮቹ ግን የራሳቸው ልማድ አላቸው። ጠዋት ደንበኛ ከመምጣቱ በፊት መስመሩ ጤነኛ መሆኑን ይሞካክራሉ። ጅጅጋ ሐረርን ትጠራለች፣ ሐረር ድሬዳዋን፣ ድሬዳዋ ደግሞ በባቡሩ መስመር ያሉትን ትናንሽ ጣቢያዎች። «አሎ፣ ይሰማል?» «ይሰማል።» በቃ። እናቴ የኔን ቀለም እዚያ ውስጥ ልታስገባው ከሁለቱ ጋር ተነጋገረች፤ የሐረሩ ሲያወራ የሚያስል ቀስ ያለ ሽማግሌ ነው፣ የድሬዳዋዋ ደግሞ አፈ ጮሌ ወጣት ሴት ናት። እንግዲህ ሽንቴ የሦስት ከተማ ጉዳይ ሆነ ማለት ነው።

ጉዞዬን በኤንትሬ የጭነት መኪና ጋቢና ተቀምጬ፣ ማሰሮዬን እንደ ሕፃን ጭኔ ላይ አድርጌ ጀመርኩ። ባቢሌ ኬላ ላይ ፊናንሱ፣ ኮንትሮባንድ ፈታሹ፣ የማሰሮዬን ክዳን ከፍቶ እርጥብ አሸዋ ሲያይ ዓይኑ በራ። ሰዓት የደበቅኩ መስሎት እጁን እስከ ክርኑ ከተተው። ብልቃጥ አወጣ። እኔም አጋጣሚውን ሳላበላሽ ስለ ቆሽት፣ ስለ ደምና ስለ ሽንት ቀለም ከመጀመሪያው ጀምሬ አስረዳሁት። ግማሽ ላይ ስደርስ ሾፌሩን «ይሄን ሰውዬ ይዘህልኝ ሂድ» አለው።

ኤረር ስደርስ አጎቴ ማሰሮዬን ዞሮ አየና፣ እህቴ ቅቤ ልካልኝ ነው ወይስ ጅብ ሊጠመድበት ነው ብሎ ሳቀ። የማሰሮውን ክብር ሊረዳ አልቻለም። ለማንኛውም አልጋው ሥር አስገባነው። ክፍሉን ዶርም አደረግኩት፣ ሰዓት አውጥቼ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ፣ ቁርስ ስንት ሰዓት፣ መርፌ ስንት ሰዓት። ካፌ ደግሞ ያስፈልጋል፣ ኮሌጅ ያለ ካፌ የለም። ካፌዬ ጣቢያው ፊት ለፊት ያለችው የኤዶ ቤት ሆነች። ኤዶ በሶማሊኛ አክስቴ እንደማለት ነው፣ ሰፈሩ ሁሉ እንዲህ ነው የሚጠራት። ምግብ ትሠራለች፣ ባቡር ሲቆም ደግሞ ለተሳፋሪ ቀዝቃዛ ለስላሳ ትሸጣለች። ከድሬዳዋ በባቡር የሚመጣላትን የበረዶ ግንድ በሰጋቱራ ቀብራ የምታስቀምጥበት፣ ውስጡ ቆርቆሮ የለበሰ ትልቅ የእንጨት ሣጥን ነበራት።

በመጀመሪያው ቀን ሻይ ስታቀርብልኝ ያለ ስኳር አልኳት። ያለ ስኳር ሻይ ለእንግዳ መስጠት ለኤዶ ስድብ ነው። ምን ያስቀየምኩህ ነገር አለ አለችኝ። በሽታዬን ነገርኳት፣ መድኃኒቱ ቀዝቃዛ ቦታ እንደሚፈልግም ነገርኳት፣ ማሰሮዬንም አወደስኩላት። ጨርሳ ሰማችኝና እጇን ዘረጋች።

«መድኃኒቱን አምጣ» አለች። «እኔ በረዶ እያለኝ እንግዳዬ በአሸዋ? ሰው ምን ይለኛል?»

እኔም ሰው ነኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነተኛ በረዶ ሲቀርብልኝ ፈጠራዬን ካድኩት። አንዱን ብልቃጥ ለክፉ ቀን ማሰሮው ውስጥ ተውኩና የምጠቀምበትን ሰጠኋት። ለስላሳዎቹን ወደ ዳር ገፍታ መሐል ላይ፣ በጨርቅ ጠቅልላ፣ ከበረዶው ራቅ አድርጋ አስቀመጠችው። ሊቀመንበሩ ራሱ ቢመጣ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለኝም አለች።

ስምንት ቀን እንደ ንጉሥ ኖርኩ። ጠዋት ቀለሜን አይቼ ከጣቢያው ጎን ወዳለችው የስልክ ክፍል እሄዳለሁ፣ እጀታውን አሽከረክራለሁ። «ሰማያዊ» ስል የድሬዳዋዋ «አቦ የኔ ጀግና» ትላለች፣ የሐረሩ ሽማግሌ ያስላል፣ እናቴ ደግሞ «እሺ፣ ዝጋ» ብቻ ትላለች። አንድ ቀን አረንጓዴ ብል የሐረሩ፣ ትናንት ምን በላህ ብሎ ጠየቀኝ። ብርቱካን አልኩት። ኤረር ብርቱካን የሌለበት ቤት የለም፣ ሰው ሁሉ ይሰጣል። ግማሹን ብቻ ብላ አለኝ። ሐኪሞቼ በዙ።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ቱቦው ውስጥ ያለው ነገር አረንጓዴን ዘለለ፣ ቢጫን ዘለለ፣ ሸክላ ላይ ሄዶ ቆመ። እንደገና ሠራሁት። ያው ሸክላ። አፌ ደርቋል፣ ጠዋት ከተነሳሁ ሦስት ጣሳ ውሃ ጠጥቻለሁ፣ እጄም ላይ አራተኛው አለ። ምግቤን አልቀየርኩም፣ መርፌዬን አላሳለፍኩም። አጎቴ በሩ ላይ ቆሞ ፊቴን አየና ነገሩ ገባው።

«ሰማያዊ በላት» አለኝ። «አንድ ቀን ነው። ድሬዳዋ ላይ ሆኖ ሽንትህን የሚያይ ሰው የለም።»

ስልኩን አነሳሁ። ሰማያዊ ነው፣ እማዬ አልኩ። የድሬዳዋዋ ጀግናዬ አለች። እናቴ ትንሽ ቆይታ «እሺ፣ ዝጋ» አለች። ዘጋሁ። ያን ቀን ብልቃጡን በቅጡ ሳላየው መጠኑን ትንሽ ጨምሬ ወጋሁ፣ እንዳልወጋሁት ሆነ። የድሮው የእንፋሎት ባቡር ውሃ የሚሞላበት ታንከር ጣቢያው ላይ አለ፤ ያን ቀን የተሠራው ለኔ ነበር ብል ማንም አይከራከረኝም። እግሬ ከበደኝ። ቀልድ እንኳ አልመጣልኝ አለ፣ አጎቴን ያሳሰበው እሱ ነው።

በአሥረኛው ቀን ጠዋት እንደገና ሸክላ። ሁለት ቀን በተከታታይ። ያ ስፖንጅ ያለው ወንበር ፊቴ ላይ ድቅን አለ። መርፌዬን ልወጋ ብልቃጡን ለመውሰድ ኤዶ ጋ ስሄድ ሣጥኑን ከፍታ በእፍኟ ጨው እያነሳች በረዶው ላይ ትበትናለች።

ምን እያደረግሽ ነው አልኳት።

«ጨው ነዋ» አለች። «ባቡር ሲደርስ ለስላሳው ቶሎ እንዲቀዘቅዝ እናደርገዋለን። ከሦስት ቀን ወዲህ ግን ላንተ ብዬ ነው፣ ሙቀቱ ስለባሰ። መድኃኒትህንም ማታ ማታ በረዶው ልብ ውስጥ በማንኪያ ጉድጓድ ቆፍሬ ነው የማስገባልህ፣ ጠዋት ሳትመጣ አወጣዋለሁ።»

ብልቃጡን አውጥቼ ፀሐይ ላይ ያዝኩት። ሁልጊዜ ጥርት ያለ ውሃ የሚመስለው መድኃኒት ውስጡ እንደ ተበላሸ ወተት ፍርፍር ብሏል፣ ፍርፋሪው መስታወቱ ላይ ተለጥፏል። ወዲያው ያች የታጠፈች ወረቀት ትዝ አለችኝ፣ አራተኛው መስመር፤ በረዶ የሆነ መድኃኒት ይጣል፣ ቢቀልጥም አይሠራም። በረዶ ላይ ጨው ሲጨመር ቅዝቃዜው ከበረዶም በታች እንደሚወርድ ደግሞ ፊዚክስ ላይ አጥንቻለሁ። አጥንቻለሁ ብቻ አይደለም፣ ለአጎቴ ባለፈው እሑድ አስረድቼዋለሁ፣ ሳይጠይቀኝ። የጅጅጋው ሊቅ፣ መድኃኒቱን ጨው ከሚበተንበት ሣጥን ውስጥ አስቀምጦ ስምንት ቀን ጉራውን ሲነዛ ከረመ።

ለኤዶ ነገርኳት። እጇ ላይ የቀረውን ጨው አየችው።

«ብርድ መድኃኒት ይገድላል?»

ይገድላል አልኳት።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?» አለች። «ሙቀት አይወድም ነው ያልከኝ። እኔ ሐኪም ነኝ እንዴ? አዋቂው አንተ ነህ፣ ቀኑን ሙሉ ስታወራ ስለ ብርዱ እንዴት አንዲት ቃል አጣህ?»

እውነትሽን ነው አልኳት። ይሄ በኔ ላይ የደረሰው በዕድሜዬ ሦስት ጊዜ ቢሆን ነው። ለእንግዳ ከሁሉ የተሻለውን ቦታ መስጠት ነው የምታውቀው፣ እሱን አደረገች። በቤቷ ከበረዶው ልብ የተሻለ ቦታ አልነበረም። ምንም አላጠፋሽም ብያት ወደ ክፍሌ ሮጥኩ፣ ማለት በከበደ እግሬ። አልጋው ሥር ማሰሮው አለ። አጎቴ እየሳቀብኝም ቢሆን ጆንያውን ማታና ጠዋት ሲያርስልኝ ነው የከረመው። ትንሹ ማሰሮ ውስጥ እጄን ስከት አሸዋው ቀዝቃዛ ነው፣ ብልቃጡም ጥርት ያለ። ያንን ወጋሁ። ከዚያ ወደ ስልክ ክፍሏ ሄድኩ።

መንገዱ ሃምሳ እርምጃ ቢሆን ነው፣ ግን ብዙ አሰብኩበት። ችግሩን አግኝቼዋለሁ፣ ነገ ሰማያዊ ይሆናል። ዛሬም ሰማያዊ ነው ብል ማን ያውቃል? እውነቱን ብናገር ደግሞ ሁለት ሸክላ ነው፣ ሕጉ ሕግ ነው፣ እናቴም ቃሏን አታጥፍም። እዚህ ላይ ጀግና ነበርኩ ብዬ ልጎርር እችል ነበር። እውነቱ ሌላ ነው። ያን ብልቃጥ ፀሐይ ላይ ይዤ ሳየው ፈርቻለሁ። ዶርም ውስጥ እንዲህ ቢሆንብኝና ለሰው ሁሉ ሰማያዊ ነው እያልኩ ብተኛስ አልኩ።

አጎቴ ኮፍያውን በእጁ ይዞ አጠገቤ ቆሟል። በዚያን ጠዋት ሰማያዊ በላት አላለኝም።

«እማዬ» አልኩ፣ «ትናንት ዋሽቼሻለሁ። ሸክላ ነበር። ዛሬም ሸክላ ነው።»

የድሬዳዋዋ ትንፋሿን ስትይዝ ተሰማኝ። የሐረሩ እንኳ ማሳሉን ተወ። እኔ ሳልቆም ቀጠልኩ፣ ስለ በረዶው፣ ስለ ጨው፣ ስለ ፍርፋሪው፣ ከማሰሮው ብልቃጥ አሁን እንደወጋሁ፣ ሁሉንም።

«ትናንት ሰማያዊ ነው ስትለኝ» አለች እናቴ፣ «ሦስት ጊዜ ውሃ ተጎነጨህ። ቆጥሬዋለሁ።»

ይዤው የመጣሁትን ጣሳ ቀስ ብዬ መሬት ላይ አስቀመጥኩ።

«ሃያ ዓመት በጆሮዬ ነው እንጀራ የምበላው፣ አንተ ልጅ። ትናንት ከሰዓት አጎትህን አስጠርቼ፣ ነገም ሰማያዊ ካለኝ በዚያው ባቡር ጫነው ብዬዋለሁ።»

ወደ አጎቴ ዞርኩ። ከኮፍያው ውስጥ የባቡር ቲኬት አወጣና አሳየኝ። በትከሻው «ምን ላድርግ፣ እህቴ ናት» አለኝ። ዋሽ ብሎ የመከረኝ እሱ፣ ቲኬቱን የቆረጠው እሱ።

«ግን ሁለት ቀን ሸክላ ሆኗል፣ ሕጉ» አልኳት። ለምን እንዳልኩት አላውቅም። በራሴ ላይ ጠበቃ የቆምኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ሕጉን ያወጣሁት ለምን ሸክላ እንደሆነ የማያውቅ ልጅ እዚያ እንዳይቀር ብዬ ነው» አለች። ድምፅዋ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፣ ወዲያው ደግሞ የኦፕሬተር ድምፅ ሆነ። «አውቀኸዋል። ነግረኸኛልም። ሳምንትህን ጨርስና ና። ፎርሙን አብረን እንሞላለን። ሁለተኛ ብትዋሸኝ ግን ወንበሩ አለ።»

ሂድ ያለችኝ መሆኑ የገባኝ ከቆይታ በኋላ ነው። ከኔ በፊት የገባት የድሬዳዋዋ ናት።

«እትዬ፣ ፎርሙን በተመለከተ ሐሳብ አለኝ» አለች። «ባሕር ዳር ያለችዋ ኦፕሬተር ጓደኛዬ ናት። መጀመሪያ ምርጫ ባሕር ዳር ይሁን፣ ጠዋት ጠዋት ታገናኘናለች።»

የሐረሩ ሽማግሌ አስሎ ሲያበቃ፣ ባሕር ዳር ሩቅ ነው፣ ልጁ እዚሁ ሐረርጌ ውስጥ እርሻ ይማር፣ በኔ መስመር በቀጥታ ይገኛል አለ። እርሻ ፀሐይ ነው አለች የድሬዳዋዋ። ጥላ አለ አላት። እናቴ ደግሞ አዲስ አበባ ብርድ ስለሆነ ማሰሮም አያስፈልገውም ብላ ገባች፣ ብርድም ይገድላል አልሰማሽም እንዴ አሏት ሁለቱም በአንድ ላይ። እኔ የነገሩ ባለቤት «ሒሳብ ነው መማር የምፈልገው» ብዬ ሁለት ጊዜ ብሞክር አንተ ቆይ ተባልኩ። ከወራት በኋላ የተመደብኩት ሦስቱም ያልጠቀሱት ከተማ ነው፣ ያን ጠዋት ግን ለሦስቱም ጉዳዩ ያለቀ ያህል ነበር።

ሰዓቴን አየሁ። መርፌዬን ከወጋሁ ግማሽ ሰዓት ሊሞላኝ ነው፤ ከዚያ በላይ ሳልበላ ብቆይ ደግሞ ስኳሬ በሌላው በኩል ይወርዳል። ክርክሩ የሚያልቅ አይመስልም። ማዳመጫውን ለአጎቴ ሰጠሁትና፣ ከጠየቁህ ቁርስ ላይ ነው በላቸው ብዬው ወጣሁ። ኤዶ ላሆህ፣ የሶማሌውን ስስ ቂጣ፣ ከምድጃው አውጥታ፣ ያለ ስኳር ሻይ ቀድታ፣ ፊቷን እንዳኮሳተረች በሩ ላይ ቆማ ነበር።